ከነፋሱ በታች

ለወንድሜ ለከሪም ረሕመቶ፣ ጅቡቲ

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድምዓለም። እንዴት ሰነበትክ? ያ የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ደረትህስ? እንደ በፊቱ ያስልሃል ወይስ ሲጋራውን ስታበዛው ሳሉም ለመደህ? ያረፍክበት ቤት ሰው አለበት? እህልስ ይወርድልሃል? አላህ ይጠብቅህ። እኛ ደኅና ነን፤ ስምህ ካልተነሣ በቀር ቤታችን ሰላም ነው። ስልክህን ስለዘጋህብን ይህን ጽፌ ለጭነት መኪና ሹፌሩ ለደምሌ እሰጠዋለሁ፤ መንገዱ ሲከፈት ያደርስልሃል። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው እጅ ነውና በጽሕፈቴ አትሳቅብኝ።

ስልክህን ሳትዘጋ በፊት በድምፅ የላክህልኝን ሰምቼዋለሁ። «እታለም፣ አባባን ለምኝልኝ፤ ነጅዋም ትጠብቀኝ» ብለሃል። ለምኛለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገርህና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ወሬውን ያደረሱልን ጠላቂዎችን ባሕር ላይ የምታመላልሰው የጀልባችሁ ወጥ ሠሪ ሐጂ ዘከሪያ ናቸው። የአባባ የልጅነት ጓደኛ አይደሉ? ሲደውሉ የአባባ ጆሮ ደከም ስላለ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግነው፤ የአባባ ሱቅ ደግሞ ገበያተኛ ሞልቶበታል። «ልጅህ ከሥራ ተባረረ» አሉ። «ለጠላቂዎቹ አየር የሚሞላው ሞተር አፍ ላይ ቆሞ ሲያጨስ ጭሱ ጠላቂዎቹ በጀርባቸው የሚያዝሉት የአየር ሲሊንደር ውስጥ ገባ። ያንን አየር ይዞ ባሕር የገባው ፈረንጅ እያስመለሰው ወጣ» አሉ። ጎረቤታችን ጌጤ ስኳሯን እንዳቀፈች «ወይ ጉድ! የጋይንት ሰው የአገሩ ጭስ አልበቃው ብሎ ባሕር ሥር ያለ ሰው አጠነ!» ብላ ሳቀች። ሱቁ ሁሉ ሳቀ። አባባ ግን አልሳቁም።

እኔማ ደንቡን ካንተው ስለሰማሁ ወዲያው ገባኝ። ጠላቂዎቹ ከውኃ ሲወጡ ገላቸው ሳይደርቅ ሲጋራ እንደሚለኩሱ አጫውተኸኝ የለ? ግን የሚያጨስ ሁሉ የሚቀመጠው ከጀልባዋ ጭራ፣ ከነፋሱ በታች፣ ጭሱ ወደ ባሕር በሚሄድበት ነው፤ ቁራጩን ባሕር ውስጥ የወረወረ ይሰደባል፣ በጣሳ ነው የሚያጠራቅሙት፤ ወደ አየሩ ሞተር ደግሞ ሲጋራ ይዞ የሚጠጋ የለም። «እነዚህ ሰዎች ለጭስም ሥርዓት አላቸው እንዴ» ብዬ ስቄ ነበር። የእነሱን ሥርዓት ታውቀው ነበር፤ የጣለህ የእኛው ነው። ሐጂ ዘከሪያ እንዳሉት ያኔ ጭራው ላይ ዓሣ ይጠብሱ ነበር፤ በአባትህ እኩያ ፊት ሲጋራ ለመለኮስ አፈርክ። ተደብቀህ ከሞተሩ ጀርባ ሄድክ። ሽማግሌ አፍረህ ሰው መረዝክ፣ ከሪሜ። የሌላ ቤት ልጅ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ይህንኑ ለአባባ ነገርኳቸው። «ልጁ የተደበቀው እኮ አክብሮት ይዞት ነው» አልኳቸው። ሚዛኑን እየወለወሉ «የሚያከብር ሰው ይተዋል እንጂ አይደበቅም» አሉኝ። እማዬ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ተነሽ፤ ለካ አንቺም ስታጨሺ ኖረሻል?» አሏት፣ ሰው ፊት። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ገብታ አታውቅም።

ወደ እጮኛህ ወደ ነጅዋ ልምጣልህ። ቤተሰቦቿ ሰው ልከው ቃሉን አፈረሱ። እኔም አላስችል ብሎኝ ሄጄ «ትንሽ ታገሽው፤ ተጸጽቷል» ብላት፣ ያቺ ዓይነ አፋር ስንላት የነበረች ልጅ ቀና ብላ «እት ዘሀራ፣ እሱን ካገባሁ ማገዶ መግዛት ቀረልኝ ማለት ነው?» አትለኝም? እህቶቿ በሳቅ ፈነዱ። የላክህላትን ሻርፕ አጣጥፋ በእጄ ሰጠችኝ። ልጄ ኢስራ ትምህርት ቤት ለብሳው ትሄዳለች፤ ያምርባታል።

ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው፤ ሮመዳን ሳይገባ ተድራለች። ለማን መሰለህ? ለሐጂ ዘከሪያ የመጨረሻ ልጅ። አዎ፣ አንተ ያፈርክላቸው ሐጂ! አንተን ከጀልባው ሳያወርዱህ ነው ወደ እኛ የደወሉት፤ ወሬው ሳይበርድ ደግሞ ለልጃቸው ሽማግሌ ላኩ። አባባም ሠርጉ ላይ ተጠርተው መረቁ። ሙሽራውን ከድንኳኑ ጀርባ ሲጋራ ይዞ አየሁት፤ ነፋሱ ጭሱን ወደ ምግቡ ያመጣዋል። አባባም አይተውት ፊታቸውን አዞሩ፤ የሌላ ሰው ልጅ ነዋ። እኔ ግን ጠጋ ብዬ «ሙሽራው፣ ወዲያ ከነፋሱ በታች ሁን፤ ባሕር ላይ እንኳ ደንብ አለው» ብለው፣ «እትዬ፣ እዚህ ማን ሊጠልቅ ነው?» ብሎ ጭሱን ፊቴ ላይ ለቀቀብኝ።

ለዒድ እመጣለሁ ያልከውን እንግዲህ ተወው። ስም ወጥቶልሃል፤ ልጆቹ በደጃችን ሲያልፉ «የአጣኙ ቤት» ይላሉ። እማዬ ትሰማለች፤ እንዳልሰማች ሆና በሩን ትዘጋዋለች።

እማዬ ሁለቱንም ጉንጭህን ትስማለች፤ ሳሉን ልስማው ብላ ያችኑ የድምፅ መልእክትህን ደጋግማ ታስከፍተኛለች። ኢስራ ሰላም ብላሃለች፤ ሻርፑን ግን አልመልስም ትላለች። ጌጤም ያን ሁሉ ስቃ ስታበቃ «ምስኪን፣ ሰላም በይልኝ» ብላለች። አባባን ደብዳቤውን ሳላሽግ «ምን ብለዋል ልበለው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እነዚያ ጠላቂዎች የሚያጨሱት የት ተቀምጠው ነው ያልሽኝ?» አሉ። ልባቸው የራራ መስሎኝ ደስ አለኝ። «ከጭራው፣ ከነፋሱ በታች፤ ጭሱ ሰው እንዳይነካ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ደንቡን ያውቀዋል» አሉኝ። «እዚያው ይቀመጥ።»

እህትህ ዘሀራ ረሕመቶ
ንፋስ መውጫ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.