ለዲላ ገበያ ዋስ የሆኑት የአቶ ሠረቀብርሃን ጉግሳ የሕይወት ታሪክ (1909–1966 ዓ.ም.)

አቶ ሠረቀብርሃን ጉግሳ ከአባታቸው ከአቶ ጉግሳ ተክለማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋነሽ በቀለ ጥቅምት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በወናጎ ተወለዱ። ሲወለዱ እጅግ ትንሽ ስለነበሩ ያድጋሉ ያለ ሰው አልነበረም። ይህን ታሪክ የጻፈችው ታላቅ እኅታቸው የትምወርቅ ጉግሳ አዝላ ስላሳደገቻቸው፣ ትልቅ ሰው ከሆኑም በኋላ በረዳቸው ወይስ ራባቸው እያለች ስትሰጋ ኖራለች። እርሳቸው ግን ሥጋት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም፤ ዝናብ እየደበደባቸው የሚስቁ ሰው ነበሩ።

ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት እዚያው ወናጎ ከቄስ ዘንድ ነው። በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው የድሬሰርነት፣ ማለትም የሐኪም ረዳትነት ሙያ ከተማሩ በኋላ በ1938 ዓ.ም. ለወናጎ ቅርብ ወደሆነችው ዲላ መጥተው በክሊኒክ ተቀጠሩ። በ1941 ዓ.ም. ወይዘሮ አትጠገብ ፈለቀን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል። በ1948 ዓ.ም. መንግሥት መርጦ ጎንደር ስለላካቸው በጤና ጥበቃ ሙያ ሠለጠኑ። የጎንደር ብርድ ይጎዳቸዋል ብላ እኅታቸው ሁለት ጋቢ ብታስይዛቸው፣ አንዱን ለጓደኛቸው ሰጥተው፣ ወፍረው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የዲላን ሥጋ ቤት፣ ዳቦ ቤትና ገበያ የሚቆጣጠሩት እርሳቸው ሆኑ። ሠርግ ቢጠሩ እንኳ ድስት ከፍተው ሳያዩ አይቀመጡም ነበርና፣ ሙሽራዋን ትተው ወጡን ሊያዩ መጡ እያሉ ወጥ ሠሪዎቹ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1959 ዓ.ም. መስቀል ሊሆን ሲል፣ ዱቄት ጭኖ ወደ ዲላ የመጣ አንድ መኪና ለወባ የሚረጨውን ዲዲቲም አብሮ ጭኖ ኖሮ፣ ከረጢቱ መንገድ ላይ ተቀድዶ ዱቄቱን በከለው። ከዚያ ዱቄት የተጋገረውን ዳቦ የበሉ ታመሙ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ሁሉም ዳኑ። ነጭ ዱቄት ሁሉ ይታሸግ ተባለ። ሴቶች ከደጋው ከቡሌ ተሸክመው ያወረዱት የእንሰት ቡላ ያንን መኪና በዓይኑ እንኳ አላየውም፤ ነገር ግን ነጭ ነውና አብሮ ታሸገ። ዲላ መመርመሪያ ስላልነበራት ናሙናው በአውቶቡስ አዲስ አበባ ተላከ። ቡላው ንጹሕ ነው የሚል መልስ ሲመጣ መስቀል አልፎ፣ የታሸገበት መጋዘን ጣሪያ አፍስሶ፣ ቡላው ሻግቶ ነበር።

ከሻጮቹ አንዷ ወይዘሮ ውዳሴ የሚባሉ የቡሌ ሴት ከአቶ ሠረቀብርሃን ቢሮ በር ላይ ቆመው፣ «ጋሼ፣ ሰው ቢታሰር ዋስ ይጠራል። የእኔ ቡላ ማንን ይጥራ?» አሏቸው።

አቶ ሠረቀብርሃን መጀመሪያ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቃቸው ጠፋ። «ሁለተኛ ቢመጣ ዋሱ እኔ ነኝ» ብለው ቃል ሰጡ። ቃል ከሰጡ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ስለነበሩ፣ የተበከለ ምግብ ድንገት ሲገኝ እዚሁ የሚመረመርበት ክፍል በመንግሥት ገንዘብ እንዲቋቋም አመልክተው፣ ቢዘገይባቸው ደግመው አመለከቱ።

በ1960 ዓ.ም. ችግሩን በዓይናቸው አይተው ገንዘቡ እንዲፈቀድ ወይም እንዲቀር የሚወስኑ አቶ ወልደዮሐንስ የተባሉ ሹም ከአዲስ አበባ መጡ። ለመመርመሪያ የተሰጠው ክፍል ባዶ ነበር። የዲላ ሰው ግን እንግዳ በባዶ ቤት ሊቀበል ነው? ጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሀዲጃ መጋረጃ ሰቀሉ። ባለ ሆቴሉ አቶ ፈድሉ ጠረጴዛና ወንበር ላኩ። ሚዛን ከቡና ነጋዴ፣ ማይክሮስኮፕ ከሚሲዮን ክሊኒክ መጣ። አቶ ሠረቀብርሃን ተዉ ቢሉም ማን ሰምቷቸው፤ ክፍሉ የሙሽራ ቤት መሰለ። ሹሙም ዞረው አይተው፣ ዲላ ምንም አልጎደላትም፣ ገንዘቡ ለተቸገረ አውራጃ ይሁን አሉ። ተመሰገንን ብሎ ሰው አጨበጨበ።

አቶ ሠረቀብርሃን ይሉኝታ የሚያጠቃቸው ሰው ነበሩ። እንግዳን ማሳፈር፣ ያገሬውንም ደግነት ማጋለጥ ለእርሳቸው ሞት ነው። ታላቅ እኅታቸውም ከሥራቸው ያባርሯቸዋል ብላ በድንጋጤ ኮታቸውን ጎተተች። እርሳቸው ግን ብድግ ብለው፣ «ወገኖቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሁላችሁም ዕቃችሁን ውሰዱልኝ» አሉ።

መጀመሪያ የተነሡት ወይዘሮ ሀዲጃ ናቸው። መጋረጃቸውን እያወረዱ፣ «የእኔ ይኸው ነው። ጌታዬ፣ እርስዎ የተቀመጡበት ደግሞ የፈድሉ ነው» ቢሏቸው፣ ሹሙ ከወንበሩ ዘለው ተነሡ። ሚዛኑም፣ ማይክሮስኮፑም፣ ጠረጴዛውም በየተራ በበሩ ወጣ። በባዶው ክፍል መካከል ቆመው የቀሩት ሹም፣ «ታዲያ የመንግሥት የሆነው የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔና ቁልፉ፣ ጌታዬ» አሏቸው አቶ ሠረቀብርሃን።

አቶ ወልደዮሐንስ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የሚጽፉበት ጠረጴዛ ስላልነበረ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ጻፉ። በ1961 ዓ.ም. ገንዘቡ ተፈቀደ፤ መሣሪያው፣ መመርመሪያ መድኃኒቱ፣ ድንገተኛ ነገር ሲመጣም ከአዲስ አበባ ፈቃድ ሳይጠበቅ የሚወጣ መጠባበቂያ ተሰጠ።

በ1964 ዓ.ም. ዲዲቲ ገበያ ገባ ተብሎ እንደገና ሲወራ፣ ጠዋት የታሸገው ቡላ ተመርምሮ፣ ገበያው ሳይበተን ንጹሕ ነው ተብሎ ተለቀቀ። ወይዘሮ ውዳሴ እዚያው ከቡላው ገንፎ አገንፍተው አቶ ሠረቀብርሃንን በሕዝብ ፊት አጎረሷቸው። እኅታቸው ያቃጥላቸዋል ብላ ብትጮህም ዋጡት፤ ገበያውም እልል አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ የቡሌ ሴቶች ስማቸውን ትተው «ጋሼ ዋስ» ይሏቸው ነበር።

አቶ ሠረቀብርሃን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሀገር ውስጥ ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። በታመሙበት ጊዜ የሚጠይቋቸውን ሁሉ ያስቁ ስለነበር፣ ከቤታቸው ያዘነ ፊት ይዞ የወጣ የለም። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አትጠገብን፣ አምስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ቀድማቸው ትሄዳለች ተብላ ስትጠበቅ የነበረችውን ታላቅ እኅታቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ ለቀብራቸው ከቡሌ በእግር የወረዳችሁ እናቶች፣ መንገዱ አቀበት ነውና ስትመለሱ እየተጠነቀቃችሁ፤ ሳይመሽ ግቡ።

ስለ ሰው ጉርሻ ሲጨነቁ የኖሩትን ወንድማችንን፣ ቸሩ አምላክ ምንም ምርመራ ከማያስፈልገው ማዕዱ ያስቀምጥልን። አሜን።