ትከሻዬን የሚያሸው ሰው

ጥቅምት 3

ጠዋት የጓሮውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባሁ። ግራ እጄ ከትከሻዬ በላይ አልነሳ አለ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያመኝ ቦታ በዛ... ሥራ ላይ እያለሁ ለመታመም ጊዜ አልነበረኝም መሰለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ሾርባውን እያማሰለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ "ገጠር ውስጥ አንድ ሆቴል አለ አሉ። ፍል ውሃ ያለው። ማሳጅ፣ ስቲም፣ ምናምን። ትከሻህን ብትታሽ?" አለች።

ሠላሳ ሦስት ዓመት በትዳር ኖረናል። አንድ ቀን ሆቴል እንደር ብላኝ አታውቅም። የእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ የሆቴሉን አንሶላ ተጸይፋ ወንበር ላይ ያደረች ሴት ናት።

"ማን ነገረሽ?"

"ሰው።"

"ሰው ማን?"

"እንግዲህ ጀመረህ" አለችና ጨው ጨመረች። ጨው ቀድማ ጨምራ ነበር። አይቻለሁ።

ጥቅምት 4

የሆቴሉ ወጪ የልጃችን ስጦታ ነው ተባልኩ። ለማመስገን ብዬ ደወልኩላት።

"ምንም አይደል አባዬ" አለች።

"ስንት ቀን ነው የያዝሽልን?"

"እማዬን ጠይቃት" አለች።

ስጦታ የሰጠ ሰው የሰጠውን አያውቅም?

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጉምሩክ ሠርቻለሁ። ሻንጣ ሳይከፈት ነው የሚታወቀው... ባለቤቱ ፊት ላይ። ባልደረቦቼ "ኤክስሬይ" ይሉኝ ነበር። እናትና ልጅ አንድ ነገር አሽገዋል። ምን ይሆን? ባለቤቴ ታማ ይሆን? ወይስ እኔ ነኝ በሽተኛው፣ ሐኪሙ ለነሱ ነግሮ እኔን የደበቀኝ?

ጥቅምት 6

ደረስን። አራት ሰዓት በአውቶቡስ፣ ከዚያ ጠጠር መንገድ። ዙሪያውን ጥድ ነው። ሰዉ ሁሉ ነጭ ጋውን ለብሶ በነጠላ ጫማ ይንሸራሸራል። ሆስፒታል ይመስላል፤ ልዩነቱ ማንም አለማቃሰቱ ነው።

እንግዳ ተቀባይዋ ገና ስታየኝ፣ "የግራ ትከሻው እርስዎ ነዎት አይደል?" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"ፎርሙ ላይ አለ።"

"ፎርም አልሞላሁም።"

ልጅቷ ባለቤቴን አየቻት። ባለቤቴ ግድግዳው ላይ ያለውን ስዕል ማየት ጀመረች። የፈረስ ስዕል ነው። ፈረስ ወዳ አታውቅም።

ክፍላችንን ፈተሽኩ። መቆለፊያው ደህና ነው። የጋውኑ ኪስ በክር ተሰፍቷል... ለምን? የመጠጥ ውሃው ውስጥ ኪያር ቆራርጠው ጨምረዋል። አውጥቼ ጣልኩት።

ጥቅምት 7

ማሳጅ ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። አልጋው ራስጌው ላይ ፊት ማስገቢያ ቀዳዳ አለው። "በሆድዎ ተኝተው ይጠብቁ፣ ባለሙያው ይመጣል" ብላኝ ልጅቷ ወጣች። ለምን ከተኛሁ በኋላ? ሐኪም እንኳ መጀመሪያ ፊቱን ያሳያል።

መጣ። በቀዳዳው የታየኝ ሁለት ነጭ ሸራ ጫማ ብቻ።

"ጤና ይስጥልኝ" አልኩ። መልስ የለም። "እዚህ ስንት ዓመት ሠራህ?" የለም። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈና ቆየ። ሳያሽ። እንዲያው እጁን አስቀምጦ ዝም... ከዚያ ጀመረ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበው፤ እንደዚያ ያለ እጅ አላየሁም። የሚያመኝን ቦታ ሳልነግረው አገኘው።

ሲጨርስ፣ ገና ሳልነሳ ወጣ። ልጅቷን "ይሄ ሰውዬ ዱዳ ነው?" አልኳት። "አይደለም፤ ሥራ ላይ ማውራት አይወድም" አለች። ጆሮዋ ቀላ።

እራት ላይ አንድ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጠ። በየዓመቱ ይመጣል። "ያ ማሳጅ የሚሠራው ልጅ እጁ መድኃኒት ነው፣ ወሬው ደግሞ ይበልጣል፤ እያሳቀ ነው የሚያሽህ" አለኝ።

እያሳቀ? ታዲያ እኔ ጋ ሲደርስ ምላሱን ማን ቆለፈው?

"ስንት ልጆች አሏችሁ?" አለ ሐኪሙ።

"አንዲት ሴት" አልኩ።

ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ አልበላችም።

ጥቅምት 8

ማለዳ "ስቲም ልግባ" ብላ ወጣች። አንድ ሰዓት ተኩል ቆየች። ስትመለስ ጸጉሯ ደረቅ።

"ስቲም ገብተሽ ጸጉርሽ አልረጠበም?"

"ሻሽ አስሬ ነበር።"

ሻሿ ወንበሩ ላይ ነበር፣ አጠገቤ። ሰው ሲዋሽ አያቋርጡትም፤ ይተዉታል፣ ራሱ ይጨርሰዋል።

ከሰዓት ገንዳ ስትገባ ሻንጣዋን ከፈትኩ። አላፍርም... ትንሽ አፍራለሁ። ከሥር፣ በፎጣ የተጠቀለለ ሰማያዊ ሹራብ። ክረምቱን ሙሉ "ለወንድሜ ነው" እያለች ስትሠራው የነበረው። ወንድሟ አጭርና ወፍራም ነው። ይሄ የረጅም ቀጭን ሰው ልብስ ነው።

በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ውሽማ? መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቄ ሄደ።

እንደነበረ አጥፌ መለስኩት። የሰው ዕቃ መመለስ ማንም አያስተምረኝም።

ያ ዝምተኛ ዛሬም አሸኝ። እጄ ከጆሮዬ በላይ ተነሳ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጥቅምት 9

ዛሬ ተከተልኳት።

ወደ ስቲሙ አልሄደችም። በኩሽናው ጀርባ ዞራ ልብስ ማጠቢያው ጋ፣ አንሶላ ወደሚሰጣበት። እኔም ከአንሶላው ማዶ ቆምኩ። እንደ ሌባ። አንድ ነጭ የሥራ ልብስ የለበሰ ረጅም ወንድ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ሹራቡን ጀርባው ላይ ትለካለች። አንገትጌውን አስተካከለችለት። ትስቃለች። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት መቼ ነው?

ልወጣባቸው ስል፣ ሰውየው በግራ እግሩ ቆሞ በቀኝ ጫማው አፍንጫ የግራ ባቱን አከከ።

ከአራት ዓመቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚያከው። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ከሩቅ የምለየው በዚያ ነበር።

ልጄ ነው።

ጥቅምት 9፣ ከሰዓት

ገንዳው ዳር ሆኜ ነው የምጽፈው። ከማሳጁ "ደክሞኛል" ብዬ ቀረሁ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ከውጭ አገር ሲመለስ በእኔ ፈረቃ ገባ። ሻንጣውን ባልደረባዬ ከፈተው። ከወለሉ ሥር ሌላ ወለል፤ አርባ ሁለት ስልክ። "የጓደኛዬ ነው፣ አድርስልኝ ብሎኝ ነው" አለ ልጄ። ባልደረባዬ ሻንጣውን መልሶ ዘጋና እኔን አየኝ። "ኤክስሬይ፣ አንተ እንዳልከው ነው የሚሆነው" አለ። የመያዣ ቅጹን ራሴ ሞላሁ። ስም ሞላሁ። የአባት ስም ሞላሁ።

ዓመት ከስምንት ወር ተፈረደበት። ሲፈታ ቤት አልመጣም። ባለቤቴም ስሙን ቤት ውስጥ መጥራት ተወች። እኔ ከልክያት አይደለም... ወይስ ከልክያታለሁ? ስሙ በተነሳ ቁጥር ተነስቼ እወጣ ነበር። ይሄ መከልከል ካልሆነ ምንድን ነው?

ለካ ያ እጅ የሱ ነው። ሁለት ቀን ጀርባዬን ሰጥቼው ተኝቻለሁ።

ምን ፈልገው ነው? ወጥመድ ነው? አስተኝተው ይቅርታ ሊያስብሉኝ? ሕግ ነው የፈጸምኩት። መልሴን አዘጋጅቼ ነው ስድስት ዓመት የኖርኩት። ይጠይቀኝ።

ጥቅምት 10

ለባለቤቴ ትንፍሽ አላልኩም። ገብቼ ተኛሁ፣ ፊቴን ቀዳዳው ውስጥ አደረግሁ። ጫማዎቹ መጡ። እጁ አረፈ።

"ሹራቡ ልክህ ሆነ?" አልኩ።

እጁ ቀጥ አለ። የሆነ ቦታ ቧንቧ ይንጠባጠባል።

"እጅጌው ትንሽ ይረዝማል" አለ።

ድምፁ ጎርንኗል። ላየው ራሴን ቀና ሳደርግ ማጅራቴን በመዳፉ ያዝ አደረገኝ፣ ቀስ ብሎ። "አይነሱ፣ ጡንቻው ይኮማተራል።"

አይነሱ።

"አባትህን አንቱ ትላለህ?"

"እዚህ እንግዳውን ሁሉ አንቱ ነው የምንለው።"

መልሴን አወጣሁ። ሕጉን፣ መሐላዬን፣ የባልደረባዬን ዓይን፣ ያን ቀን ብተውህ ኖሮ ነገ ማንን እይዛለሁ የሚለውን... ሁሉን ወለሉን እያየሁ ተናገርኩ። አላቋረጠኝም።

"ቅጹን መሙላትዎ አይደለም" አለ ስጨርስ። "አርባ ሁለት ስልክ ነበር። ሞኝ ነበርኩ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ዓመት ከስምንት ወር ታስሬ አንድ ቀን መጥተው አልጠየቁኝም።"

"መኪና ውስጥ ነበርኩ" አልኩ።

እውነቴን ነው። በየእሑዱ እናቱን የማደርሳት እኔ ነበርኩ። ከእስር ቤቱ ግንብ ማዶ አቁሜ፣ እስክትመለስ ጋዜጣ ፊቴ ላይ ዘርግቼ እቀመጥ ነበር። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ።

"አውቃለሁ፣ እማዬ ነግራኛለች" አለ። "እሱ ነው የባሰው።"

ለሌላ ክስ ነበር የተዘጋጀሁት።

"ታዲያ ለምን ታሸኛለህ?"

"እማዬ ለምናኝ ነው። ሁለት ወር እምቢ ብያታለሁ። ሌሊት ተኝተው ሲዞሩ እንደሚያቃስቱ ነገረችኝ። ፊቱን ሳላይ ከሆነ ልሞክር አልኳት።"

ከዚያ ሰዓቱ እስኪሞላ አሸኝ፤ አንድም ቦታ አልዘለለም። ከፊቴ አንድ ጠብታ ወርዶ ነጩ ጫማ ላይ አረፈ። ሌላም ወረደ። ጫማው ፈቀቅ አላለም።

ጥቅምት 11

ሻንጣ ስናስር፣ "አውቀሃል" አለች።

"አውቄያለሁ።"

"መቼ?"

"አንሶላው የተሰጣበት ጋ ሳይሽ።"

"እዚያም ተከተልከኝ?"

"ደረቅ ጸጉር ይዘሽ መጥተሽ ምን ላድርግ?"

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "አራት ዓመት ሙሉ ጓሮ እየወጣሁ ነው በስልክ የማወራው" አለች። "በገዛ ቤቴ። የገዛ ልጄን ድምፅ እንደ ኮንትሮባንድ።"

አራት ዓመት። በኔ ፊት አሳልፋዋለች፣ አንድ ቀን አልጠረጠርኩም። የጨው ማንኪያ እቆጥራለሁ፣ ይሄን አላየሁም። ላለማየት ነበር መሰለኝ... ለማየት ብፈልግ የጓሮው በር ሲንሲያጠጥ እሰማ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ትነሳና ትወጣለህ" አለች።

ስንሄድ ልጄ ሊሸኘን አልወጣም። "ሥራ ላይ ነው" አለች እንግዳ ተቀባይዋ። አውቶቡሱ እስኪነሳ በመስኮት አየሁ። ምን ጠብቄ ነው?

ጥቅምት 17

የባለቤቴ ስልክ ጮኸ። ወደ ጓሮ ልትነሳ ስትል "ተቀመጪ" አልኳት። አጠገቤ ሆና አወራችው። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሹራቡ እጅጌ። ስለ እኔ አልጠየቀም። እኔም አልተነሳሁም።

ትከሻዬ ተሽሎታል። የሚያመኝ ሌላ ነው።

ጥቅምት 21

እሑድ። ለባለቤቴ "ደርሼ ልምጣ" አልኳት። ወዴት አላለችም። እስከ በሩ ሸኘችኝ፣ የኮቴን ኮሌታ አቃናችልኝ።

አራት ሰዓት ብቻዬን በአውቶቡስ። ምን እንደምለው ላዘጋጅ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝ አለ። ሁለት ጊዜ ልወርድ አስቤያለሁ።

"ማሳጅ ነው?" አለች እንግዳ ተቀባይዋ። "ቀጠሮ አለዎት?"

"የለኝም። ሰው ልጠይቅ ነው።"

ልጅቷ ትንሽ አየችኝና ሮጣ ገባች።

እጁን ከዘይት በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ፊቱን ሳላይ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ከስቷል። ግንባሩ ገባ ገባ ብሏል፣ ልክ እንደኔ በዚያ ዕድሜ።

"ምነው፣ ትከሻህ አመመህ?"

አመመህ። አመመዎት አላለም። ደንግጦ ነው መሰለኝ፣ ልብ አላለውም። እኔ ግን ልብ ብያለሁ።

"የለም፣ ደህና ነው።"

"ታዲያ?"

"ልጠይቅህ መጣሁ" አልኩ። "ያኔ መግባት ነበረብኝ። አፍሬ ነው ያልገባሁት። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። አንተን ትቼ ስለ ራሴ ነበር የማስበው።"

ጨርቁን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ።

"ሁለት ሰው አለብኝ" አለ በመጨረሻ። "ትቆያለህ?"

"እቆያለሁ።"

እንግዳ ተቀባይዋ ውስጥ ሳሎኑ ምቹ ነው አለችኝ። እዚሁ ደጃፉ ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ የገባ የወጣው ሁሉ ያየኛል። ይየኝ። ቅድም አንዷ ልብስ አጣቢ ቅርጫቷን ይዛ አልፋኝ ሄደችና ተመለሰች።

"ሰው እየጠበቁ ነው?" አለችኝ።

"ልጄን" አልኳት።

አንደኛው እንግዳ አሁን ወጣ። አንድ ቀርቶታል።