ገና በሕይወት ሳለ «የቀድሞ» ስለተባለው አባቴና ስለ ሚለቸንቶዋ

ለተከበሩ ኢንጂነር ዘአማኑኤል
የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር
ካዛንቺስ

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነማኅበርዎና ጎተራ ባለው መጋዘንዎ ሸራ ለብሰው ከቆሙት መኪኖች ሁሉ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎ ጤና አጥብቄ እጸልያለሁ። የሌላውን ሰው ጤና ከቅርብ ሆነው የሚከታተሉ ሰው መሆንዎን በዚህ ዓመት ስለተረዳሁ፣ የእርስዎንም የሚከታተል አንድ ሰው ቢኖር መልካም ነው ብዬ ነው።

ነገሩ የተበላሸበትን ደቂቃ በትክክል አውቀዋለሁ። ኅዳር 14 ቀን እሑድ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከዐሥር ላይ የአባቴን መኪና የሾፌር በር ድርግም አድርገው ዘጉት። ያ በር በስሱ ከፍ ተደርጎ ካልተገፋ በወጉ አይዘጋም፤ ይህንን የማያውቅ የማኅበሩ አባል የለም፤ እርስዎም ሃያ ዓመት ሙሉ ከፍ እያደረጉ ሲዘጉት ዐይቻለሁ። በዚያ እሑድ ግን ረሱት። የተዋሰ ሰው በር እንደዚያ አይዘጋም፤ የራሱ ነው ብሎ የቆረጠ ሰው ብቻ ነው እንደዚያ የሚዘጋው። እኔም ድምፁን ሰማሁ፤ ነገር ግን ጨዋ ሆኜ ስላደግሁ እጄን አንሥቼ ሸኘሁዎት።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ፣ ከማኅበራችን ውጭ ያሉ ሰዎች ነገሩ እንዳይሰወርባቸው ልማዳችንን ላስረዳ። ማኅበሩን የመሠረቱት ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ አባቴ አቶ ፍሰሃ ሓዱሽ ነበር። ከስድስቱ የአንዱ ልጅ ሲዳር የሁሉም መኪና ይሰለፍ ነበር፤ የአንዱ መኪና ፍሪሲዮን ሲበላ የሌላው ቁልፍ ሳይጠየቅ ይሰጠው ነበር። ከዚያ የተነሣ እስከ ዛሬ ድረስ በዓመታዊው ትርኢት ቀን እያንዳንዱ ባለ መኪና ቁልፉንና ሊብሬውን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ይርቃል። ደስ ያለው አባል አንሥቶ እስከ ባምቢስ ይነዳና ይመለሳል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቁልፍም ሊብሬም በባለቤቱ እጅ ይገባሉ። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ቁልፍ በሰው እጅ አላደረም። አባቴ በሕይወቱ ከሚኮራባቸው ጥቂት ነገሮች ይህ አንዱ ነበር።

ያ እሑድ የአባቴ አርባ ዋዜማ ነበር። ቤታችን ለተዝካሩ ሽር ጉድ ሲል እርስዎ ለእናቴ ለወይዘሮ እጸገነት ስልክ ደወሉ፤ አባላቱ ሟቹን በመኪናዋ በኩል ሊያከብሩት እንደሚፈልጉ፣ ፊያት ሚለቸንቶዋ ያልተገኘችበት ትርኢት ትርኢት እንዳልሆነ ነገሯት። እናቴ አለቀሰችና ውሰጃት አለችኝ። ካዛንቺስ በቆርቆሮ ከታጠረው የፈረሰ ሰፈር አጠገብ፣ ገና ባልተነካው የማኅበሩ ግቢ ውስጥ አቆምኋት፤ ቁልፉንና ሊብሬውን ወንበሩ ላይ አስቀመጥሁና ራቅሁ። እርስዎ አንሥተዋት ወደ ባምቢስ ወረዱ። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ቆሜ ጠበቅሁዎት። በዐሥራ ሁለት ሰዓት ጸሐፊዎ መጥቶ መኪናዋ ወደ ጎተራው መጋዘን መግባቷን፣ እኔም ብርድ እንዳይመታኝ ወደ ቤቴ ብገባ እንደሚሻል በትሕትና አስረዳኝ። እነሆ ሦስት ወር ሆነ።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የሚከተሉትን ምስጋናዎች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በታኅሣሥ ወር ስለላኩልን የምስክር ወረቀትና በመስታወት ስለተገጠመው የመኪናችን ፎቶግራፍ እናመሰግናለን። እናቴ የሚሰቀልበት ቦታ አላገኘችለትም እንጂ ክፈፉ ያምራል። ከወረቀቱ ጋር ባያያዙት ደብዳቤ፣ በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ከአርባ ዓመት በላይ አባላትን ያገለገለ መኪና ባለቤቱ ሲሞት የማኅበሩ የጋራ ቅርስ ይሆናል ብለዋል። ደንቡን ለማየት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጣሁ። ሦስቱንም ጊዜ «እየተተየበ ነው» ተባልሁ። አያቴ ሓዱሽ በ1955 ዓ.ም. የገዛትን መኪና ለመውሰድ በ2018 ዓ.ም. ገና እየተተየበ ያለ አንቀጽ መጥቀስ ለወትሮው ሰው የሚከብድ ሥራ ነው፤ እርስዎ ግን አልከበደዎትም።

ሁለተኛ፣ ቢሮዎ በመጣሁበት በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዎ ስለለገሰኝ ምክር። «እህቴ፣ አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ከካርቡሬተር ጋር ምን አታገለሽ፤ ለሴት ልጅ እኮ ቪትዝ ይበቃታል» አለኝ። ያንን ካርቡሬተር በዐሥራ አምስት ዓመቴ ፈትቼ እንደገጠምሁት፣ ካንዴላዎቹን በየዓመቱ የምቀይረው እኔ እንደሆንሁ፣ የመካኒካል ምሕንድስና ዲግሪዬንም በዚያችው መኪና ሄጄ እንደተቀበልሁ ልነግረው አሰብሁና ተውሁት። ይህን ሁሉ እርስዎ ያውቃሉ፤ በምረቃዬ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር።

ሦስተኛ፣ አባቴ በታመመ ጊዜ ስላደረጉልን ጉብኝት። ብርቱካን ይዘው ሦስት ጊዜ መጡ። ከአልጋው አጠገብ በተቀመጡ ቁጥር ሻይዎ ሳይበርድ ይነሡ ነበር፤ በመኪናው መጠለያ ግን ረጅም ጊዜ ይቆዩ ነበር። በሁለተኛው ጉብኝትዎ ኮፈኑን ከፍተው የሻንሲ ቁጥሩን በስልክዎ ፎቶ ሲያነሡ በመስኮት ዐየሁዎት። ለአባቴ ነገርሁት። «ዘአማኑኤል መኪና ይወዳል፤ ተይው» አለኝ። ስለዚህ ተውሁት። እርስዎን ያመነው እርሱ ነው፤ እርሱን ያመንሁት እኔ ነኝ።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ቀን መቁጠሪያው ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፍቀዱልኝ።

ማኅበሩ በየዓመቱ ለአዲሱ ዓመት የአባላትን መኪኖች ፎቶ የያዘ ቀን መቁጠሪያ እያሳተመ ያድላል። የዘንድሮው በነሐሴ መጨረሻ ደረሰን። የእኛ ሚለቸንቶ በጥር ገጽ ላይ አለች፤ ከሥሯም «የቀድሞ የአቶ ፍሰሃ ሓዱሽ» ይላል። አባቴ ያረፈው በጥቅምት 6 ነው። ቀን መቁጠሪያውን በገዛ እጁ ተቀብሎ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ያንን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ «የጽሕፈት ስሕተት ነው፤ ሰውየው ሥራ ይበዛበታል» አለ። ለእርስዎ ጥብቅና የቆመበት የመጨረሻው ቀን ያ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋን ዐይቼ ልምጣ ብሎ አያውቅም። በየጠዋቱ ሞተሯን አስነሥቶ የሚያዳምጥ ሰው፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አንድ ጊዜ እንኳ ቁልፉን አልጠየቀኝም።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ ዐሥራ ሁለቱንም ገጾች አንድ በአንድ ተመለከትሁ። ሰባቱ መኪኖች «የቀድሞ» ይላሉ። ከሰባቱ ባለቤቶች አራቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የአራቱም መኪኖች ጎተራ ናቸው፤ አራቱም የተዉት ሚስት ወይም ሴት ልጅ ብቻ ነው። ወንድ ልጅ የተወ አባል መኪና ከማኅበሩ መጋዘን ገብቶ አያውቅም፤ አንቀጽ ዘጠኝ ጾታ ይለያል ማለት ነው። ከእነዚህ ሴቶች አንዷን፣ ወይዘሮ ጀማነሽን፣ ቤቷ ሄጄ ጠየቅኋት። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ነጩን ቮልሳቸውን ለአንድ ቀን ክብር ብለው ስለወሰዱባት ምሬቷን ስትገልጽልኝ፣ «ልጄ፣ ባሌን እንኳ እስከ አርባው አልቅሼለታለሁ፤ ቮልሱን ግን ላለቅስለት ጊዜ አልሰጡኝም፤ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን መጡ» አለችኝ። ሰላምታ ትልክልዎታለች። ቃላቱን እዚህ መጻፍ ግን ተገቢ አይመስለኝም።

ክቡር ሆይ፣ ሰው ገድለዋል እያልሁ አይደለም። በሽታ ሊቀ መንበር አያስፈልገውም። እኔ የምለው ሰው ገና እየተነፈሰ ሳለ እርስዎ ለማተሚያ ቤት «የቀድሞ» የሚለውን ቃል እንደላኩ ነው። ያን ጊዜ ማን ምን ያህል እንደሚቆይ የገመቱበትን ወንበር፣ የገመቱበትን ሰዓት፣ የገመቱበትን ፊት ሳስበው እንቅልፌ ይሸሻል።

ሦስቱ «የቀድሞ»ዎች ግን አሁንም በሕይወት አሉ። ሦስቱም ሴት ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ የላቸውም። በጥር ወር ቀን መቁጠሪያውን ይዤ በየቤታቸው ዞርሁ። አቶ ሊካሳን ያውቋቸዋል፤ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ናቸው፤ ግራጫ ፔጆ 404 አላቸው፤ የግንቦት ገጽ የእርሳቸው ነው። ከሥሩ የተጻፈውን አነበቡና ቀን መቁጠሪያውን መለሱልኝ። ቀጥለውም «እንግዲህ እስከ ግንቦት ፈቅዶልኛላ፤ ቸር ሰው ነው» አሉ። ሳቁ። ሚስታቸው ግን አልሳቀችም፤ ተነሥታ የግቢውን በር ቆለፈች። ባለፈው ሳምንት እርስዎ ብርቱካን ይዘው መጥተው እንደነበርና ያንኳኩት በር እንዳልተከፈተ ሰምቻለሁ። መንገዱ ስላደከመዎት አዝናለሁ።

አሁን የሚለቸንቶዋ ስም ወደ ማንም እንዳይዛወር ከፍርድ ቤት እግድ አውጥቻለሁ፤ የወይዘሮ ጀማነሽ ማመልከቻም ከእኔው ጋር ገብቷል። የቀሩት ሁለት ቤተሰቦችም ወረቀቶቻቸውን እያሰባሰቡ ነው። ከእንግዲህ ጎተራ ያለው መጋዘን በር በተከፈተ ቁጥር ከውጭ የቆመ ሰው መኖሩን እንዲያውቁት ያህል ነው፤ አንዳንድ ቀን እኔ ነኝ፤ አንዳንድ ቀን እርስዎ የማያውቁት ሰው ነው። ሸራዎቹን ገልጠን አራት የሻንሲ ቁጥር የምናነብበት ቀን ሲደርስ እርስዎ በዚያ እንዲገኙ አስቀድሜ በትሕትና እጋብዝዎታለሁ። ማኅበሩን ለማፍረስ አይደለም። ቁልፍ በሰው እጅ የማያድርበትን ማኅበር ከእርስዎ ለማስመለስ ነው።

ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር ይስጥዎት፤ ለሚጠየቁት ጥያቄ ሁሉ መልስ የሚሰጡበት ዕድሜ፣ ምስክር ሲቆጠርብዎ ቆመው የሚሰሙበት ጉልበት ያድልዎት እያልሁ፣ በማያቋርጥ አክብሮትና በማይዘጋ ዐይን እሰናበታለሁ።

ልደት ፍሰሃ ሓዱሽ
የካዛንቺስ ነዋሪ፣ የሚለቸንቶዋ ባለቤት
የካቲት 2018 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሚያዝያው ልዩ ትርኢት የላኩልኝ የጥሪ ካርድ ደርሶኛል። የሐበሻ ልብስ ለብሼ፣ በአባቴ መኪና አጠገብ ቆሜ፣ እርስዎ ሪባን የሚቆርጡበትን መቀስ በትሪ እንድይዝልዎት ጠይቀዋል። ካርዱን መልሼ ልኬዋለሁ። በአባቴ መኪና አጠገብ እንደ እንግዳ መቆምን፣ ለወሰዳት ሰው ትሪ መያዝን፣ ዝምታዬም እንደ ጨዋነት እንዲቆጠር መፍቀድን ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።