ቢጫ የሆነው የጉድጓዳችን ውሃ

ለእትዬ አይናለም፣ ካሉበት ከጅዳ

እንደምን ሰነበቱ? የባሕሩ ወበቅና የሰው አገር ሥራ እንዴት አድርጎ ይዞዎታል? የእግርዎ እብጠትስ ተወዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እምዬ ደህና ናት፤ ጤፉም ተወቅቶ ገብቷል። ልጅዎ ሄቨን ግን እንደ ሌሎቹ የመንደሩ ልጆች ከኅዳር ወዲህ ሆዷን እየቆረጣት ከምግብ ተለያይታ ነበር። ዛሬ ብዕር ያነሣሁትም ስለ እሷ ነው።

በገና ሰሞን ሜላት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ወደ ጉድጓዳችን መጣች። ለሁለት የተከፈለ የመስታወት ሣጥን ይዛለች፤ መሐሉን የሚከፍለው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ላስቲክ ነው። ባንዱ ወገን የእኛን ውሃ፣ በሌላው የሚኮመጥጥ ውሃ ሞላችበት። ‹‹ላስቲኩ በውሃው የሟሟውን ብረት መርጦ ይይዝና ወደ ማዶ ያሻግረዋል፤ ሌላውን ያስቀራል›› አለችን። እኔ አላመንኋትም። ብረት በላስቲክ ሲያልፍ ማን አይቷል? የተሻገረውን በጠርሙስ አሽጋ መኪናዋ ውስጥ ስትቆልፍበት ደግሞ ልቤ ይብስ ጠረጠረ። ባለቤትዎ የሺጥላማ ‹‹ወርቃችንን እየቀዳች ነው!›› እያለ አገሩን አነሣሣው።

ቅዳሜ ለት ሰው ሁሉ መኪናዋን ከበበ። ‹‹ያሸግሽውን አውጪ›› አልኋት። አላንገራገረችም። ከጠርሙሱ ጥቂት ቀድታ የሆነ መድኃኒት ጠብ ብታደርግበት ቢጫ ሆነ፣ ቦግ ያለ ቢጫ! ‹‹ወርቅ! ወርቅ!›› ተባለ፤ ዱላ ተነሣ። እሷ ወደ እኔ ዞራ፣ ‹‹ጋሼ፣ ወርቅ አይደለም፤ ባትሪ ውስጥ የሚገባው እርሳስ ነው። መርዝ ነው፤ ልጆቻችሁንም የሚያማቸው እሱ ሳይሆን አይቀርም›› አለችኝ። ከላይኛው ምንጭ ውሃ አስቀድታ በሣጥኗ አሳለፈችው፤ እስኪሻገር ቁጭ ብለን ጠበቅን። ያንኑ መድኃኒት ብታደርግበት ያኛው ቢጫ አልሆነም።

እንግዲህ በምንጩና በጉድጓዱ መካከል ከእርስዎ ግቢ በቀር ምን አለ? ዞር ብል የሺጥላ ከሰው መሐል ሹልክ ይላል። ተከተልሁት። ከጓሮው ሸራውን ብገልጥ የተፈለጠ የመኪና ባትሪ ክምር! የከሰል ጭስ ነው ያለን ለካ ይኸ ኖሯል። እርሳሱን እያቀለጠ ይሸጣል፤ አሲዱን ወደ ቦዩ ይደፋል።

ጉድጓዱን ዘጋነው፤ ከምንጩ እንቀዳለን። ሄቨንን ወደ ቤቴ አምጥቼ ፍኖተ ሰላም ሐኪም አሳየኋት፤ ትናንት ገንፎ በልታለች። ሜላት ውሃውን ደግማ ልትመረምር ተመልሳ ልትመጣ ነው። ትምጣ፤ እኔ ግን የምታሽገውን እያየሁ ከአጠገቧ ንቅንቅ አልልም።

የሺጥላን ከሽማግሌ ፊት ብናቀርበው፣ ‹‹አይናለም ታውቃለች፤ ጀምር ያለችኝም እሷ ናት›› አለ። ውሸቱን ነው ብዬ ጮህሁ። እምዬ ግን ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤት ገባች። እትዬ፣ ያውቁ ነበር?

ባለቤቴ እህተ ማርያም እጅ ትነሣለች። ሄቨን ጉንጭዎን ትስማለች። እምዬ እንደ ወትሮው ‹‹ሳምልኝ›› አላለችኝም፤ መልስዎን ትጠብቃለች።

ወንድምዎ ክንዱ
ቡሬ ገጠር፣ ጥር ፳፰ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.