«ማዳም ተሳሳቱ» የሚለው ዓረፍተ ነገር

ማህዲያ፣ ማርች 14 ቀን 2015

ውድ ልጄ ራውዳ፣

ከነልጆችሽ ሰላም መሆንሽን አላህ ያሰማኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። ስልክ እያለ ለምን እንደጻፍኩ ትገረሚ ይሆናል። በስልክ አንቺ ስለ ናንት ከተማ ዝናብ፣ እኔ ስለ ጉልበቴ እናወራና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እንሰነባበታለን። ዛሬ የምነግርሽ በአምስት ደቂቃ አያልቅም። ድምፄን ሳትሰሚ ብታነቢው ደግሞ ይቀለኛል።

ከኦክቶበር ጀምሮ ከወደቡ ጀርባ ባለው የሴቶች ማኅበር ቤት እንደማስተምር ነግሬሻለሁ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው። ክፍሉን የምትመራው ኢንሳፍ የምትባል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ወንበሮቹን በመስመር አሰልፌ፣ ማስመሪያዬን ይዤ ፊት ለፊት ቆምኩ።

«ማዳም፣ ማስመሪያው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ለማስመር።»

«እንግዲያው እኔ ጋ ይቀመጥ። ማስመር ሲያስፈልግዎት ይጠይቁኛል።»

ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩ ሴት ማስመሪያዬን ተቀማሁ። ወንበሮቹንም ክብ አደረገቻቸው። በየቀኑ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት አንዷ የምታውቀውን ለሌላዋ ታሳያለች፣ እኔ ተቀምጬ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት እንዲህ የሚያደክም ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። በሕዝብ መታጠቢያው በሐማም ውስጥ ሰው በማሸት የምትተዳደረው ሰሉሓ አንድ ቀን፣ «ማዳም ዝም ሲሉ እኮ የባሰ ያስፈራሉ፤ እባክሽ ኢንሳፍ ይናገሩ በያቸው» ብላ ክፍሉን አሳቀችው።

ኢንሳፍ ሌላም አዲስ ነገር አመጣች። ሴቶቹ ከሕይወታቸው አንድ ታሪክ ይናገራሉ፤ እኔ ቃል በቃል ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ያንን ማንበብ ይማራል።

«የተሳሳተ ነገር ቢናገሩስ?» አልኳት።

«የተናገሩትን ይጽፋሉ። አንድ ቃል እንኳ አያርሙም። ሰው የራሱን ቃል ለማንበብ ይቸኩላል።»

ከንቱ ነገር መስሎኝ ነበር። ግን እየታሸች እንቅልፍ ስለወሰዳት ሙሽራ ሰሉሓ የተናገረችውን፣ ሁለት ወር ሙሉ ከፊደል ያላለፉት ሴቶች በሦስት ቀን አነበቡት። ኢንሳፍ እውነቷን ነበር። ይህን ለራሷም ነገርኳት፤ መናገሩ ቀላል አልነበረም።

ከሴቶቹ መካከል መብሩካ የምትባል መበለት አለች፣ ዓሣ ነጋዴ ናት። ባሏ ሲሞት ያረጀች ኢሱዙ ትቶላታል። የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናዋ ኤፕሪል 2 ነው። ጥያቄውን ራሷ አንብባ መመለስ አለባት። ካለፈች ሰርዲኗን ራሷ እየጫነች ትነግዳለች፤ ከወደቀች የባሏ ወንድም መኪናዋን ሊወስዳት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከሁሉም ቀድማ የምትመጣው እሷ ናት።

«አንቺ መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ እኔ ከቤቴ አልወጣም» አለቻት ሰሉሓ።

«ቤትሽም ቢሆን መንገድ ዳር ነው፤ ጓዳ ጓዳውን ሁኚ።»

ከሦስት ሳምንት በፊት ተረኛዋ መብሩካ ነበረች። ቆማ እጇን አጣምራ ተናገረች፤ እኔ ጻፍኩ። እንዲህ ይላል፦

«ስምንት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት እወድ ነበር። አንድ ቀን የትምህርት ኢንስፔክተር መጣ። ማዳም ጥያቄ ጠየቁ። ጠረጴዛውን ሲመቱ መልስ የጻፍንበትን የእጅ ሰሌዳችንን አነሳን። የእኔና አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ መልስ አንድ ሆነ። ማዳም እኔ የገለበጥኩ መሰላቸው። ሰሌዳዬን ጀርባዬ ላይ አንጠልጥለው በየክፍሉ አዞሩኝ። ማዳም ተሳሳቱ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልሄድኩም።»

«ኢንስፔክተር» የሚለውን ስጽፍ ገና አልገባኝም ነበር። በመዝገቡ ላይ የተጻፈችው በባሏ ቤተሰብ ስም ነው፤ መብሩካ የሚባሉ ደግሞ ስንቱን አስተምሬአለሁ። «ሰሌዳችንን አነሳን» ስትል ግን ጀርባዬን ለክፍሉ እንደሰጠሁ ቆሜ ቀረሁ።

«ማዳም፣ ፈጠነችብዎት?» አለች ኢንሳፍ።

«አልፈጠነችም» አልኩና እስከ መጨረሻው ጻፍኩ።

አጠገቧ የተቀመጥሽው አንቺ ነበርሽና ነገሩን ታውቂዋለሽ። ቢሆንም እንደማታውቂ አድርጌ ልንገርሽ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ጥያቄው በሰባት ሳጥን፣ በእያንዳንዱ ስምንት ስምንት ዓሣ ቢኖር ስንት ይሆናል የሚል ነበር። በዋዜማው ቤት ውስጥ ጠይቄሽ አቅቶሽ ነበር። መብሩካ የወደብ ተሸካሚ ልጅ ነበረች፤ ማባዣውን በቃሏ አጥንታ አታውቅም። ሰሌዳዋ ጥግ ላይ ትንንሽ ሳጥን እየሳለች ትቆጥራለች፤ ስለዚህም ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። ኢንስፔክተሩ ከኋላችሁ ቆሞ ሁለቱን ሰሌዳ አየ። ሁለቱም ላይ ሃምሳ ስድስት ተጽፏል፤ ሁለቱም ጥግ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ።

«ማን ከማን ነው የገለበጠው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አንቺ በሕይወትሽ ሳጥን ስለሽ አታውቂም ነበር። ያየሁት ወዲያው ነው። የአስተማሪዋ ልጅ ከተሸካሚው ልጅ ገለበጠች ተብሎ በሪፖርት ሲጻፍም አብሮ ታየኝ። «መብሩካ ናት» አልኩ። ሰሌዳዋን በክር አስሬ ጀርባዋ ላይ ያንጠለጠልኩትም፣ ክንዷን ይዤ በስድስት ክፍል ያዞርኳትም እኔ ነኝ። አላለቀሰችም። በማግስቱ ቦታዋ ባዶ ነበር፤ እኔም ቤቷ ድረስ ሄጄ አልጠየቅኩም።

በዚያው ምሽት እራት ላይ ማንኪያሽን አስቀምጠሽ፣ «እማ፣ ከእሷ ያየሁት እኔ ነኝ» አልሽኝ።

«ሾርባሽ ሳይቀዘቅዝ ብይ» አልኩሽ።

ደግመሽ አላነሳሽውም። ከዚያ ወዲያ ሌላም ብዙ ነገር አልነገርሽኝም። ልታገቢ መሆንሽን እንኳ የሰማሁት ከአክስትሽ ነው። ለምን አልነገረችኝም ብዬ ስንት ዓመት ተቀይሜሻለሁ።

እንግዲህ ሦስት ሳምንት ያነበብነው ይህንን ጽሑፍ ነው። አሥራ አንድ ሴቶች አንድ በአንድ እየቆሙ ጣታቸውን ከቃል ቃል እያሻገሩ «ማዳም ተሳሳቱ» ይላሉ። እኔም «ደግሚው፣ አፍሽን ከፍተሽ» እላለሁ። ሐሰት የሆነ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳዬ ላይ አሳድሬ አላውቅም፤ ይህን ግን ሦስት ሳምንት አሳደርኩት። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት የመብሩካ ፈተና ነበር። አሁን ብነግራት ትታኝ ትሄዳለች፣ ሁለተኛ ጊዜ ከትምህርት አስወጣታለሁ፣ መኪናዋንም ታጣለች እያልኩ። ምክንያቱ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ያቺው ኢንስፔክተሩ ፊት ፈርታ የቆመችው ሴት ናት።

ትናንት ተነሳሁ።

«ኢንሳፍ፣ ጽሑፉ ላይ አንድ ነገር ላርም።»

«ማዳም፣ ደንቡን ያውቁታል።»

«የመብሩካን ቃል አይደለም የማርመው፤ የራሴን ነው። ያቺ ማዳም እኔ ነኝ። አልተሳሳትኩም። እሷ እንዳልገለበጠች አውቅ ነበር።»

ለሁሉ ነገር ቀልድ የማታጣው ሰሉሓ መሬት መሬት አየች። መብሩካ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«በሩን ከፍተው ሲገቡ ነው ያወቅኩዎት» አለችኝ። «የመጀመሪያውን ቀን።»

«ታዲያ ለምን ተሳሳቱ ብለሽ አጻፍሽኝ?»

«ፈተናው ይለፍ ብዬ ነዋ። ከእርስዎ ተጣልቼ ማን ያስተምረኛል?»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷና እኔ አልሳቅንም።

«በዚያ ክፍል ከእኔ በቀር ሳጥን የሚስል ሰው አልነበረም» አለች ቀጥላ። «ማዳም ያዩታል ብዬ ስጠብቅ ነበር። በየክፍሉ ሲያዞሩኝ ሁሉ አሁን ያዩታል፣ አሁን ያዩታል እል ነበር።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ እንድትልም አልጠብቅም ነበር።

«አሁን የራሴን ቃል ልቀይር» አለች። «ይጻፉ። ማዳም ያውቁ ነበር።»

የድሮውን አጥፍቼ ጻፍኩ። ማንም ሳያግዛት፣ የትም ሳትደናቀፍ አነበበችው። ከዚያ፣ «ቀጥለው ይጻፉ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ስሟ...» ስትል እስከዚያ ጻፍኩና ጠመኔውን አስቀመጥኩ።

«ይህን ሳልጠይቃት አልጽፍም።»

«ልጅዎ አይደለች እንዴ?»

«ስለዚህ ነው የምጠይቃት።»

«ይጠይቋት። አርባ ዓመት የቆየሁ ሰው ጥቂት ቀን አያቅተኝም» አለች። ቦርሳዋን አንስታ ሳትሰናበተኝ ወጣች። ሌሊቱን አትመጣም ብዬ አደርኩ። ዛሬ ግን በሰዓቷ መጣች። ከእኔ ርቃ ማዶ ተቀመጠችና የትራፊክ ምልክት መጽሐፏን ገልጣ፣ ቅድሚያ ስለመስጠት የሚለውን እንዳስረዳት ጠየቀችኝ። አስረዳኋት።

ራውዳ፣ ያን ቀን በሁለት ልጆች ላይ አንዳቸውንም ሳልጠይቅ ፈረድኩ። አሁን እየጠየቅኩሽ ነው። ስምሽ እንዲጻፍ ከፈቀድሽ፣ በዚያው ምሽት እውነቱን እንደነገርሽኝና ዝም ያሰኘሁሽ እኔ መሆኔን ከሥሩ እጽፋለሁ፤ እሱ የእኔ ቃል ነውና ማንም አይከለክለኝም። ካልፈቀድሽ አይሆንም በይኝ። ዝም ካልሽም አይሆንም እንዳልሽ እቆጥረዋለሁ፤ ለምን ብዬ አልጠይቅሽም፣ አልቀየምሽምም። መልስ ስትጽፊ ስለዚህ ብቻ ብትጽፊ ይበቃኛል። ልጆችሽንና ባለቤትሽን አላህ በጤና ያቆይልሽ፣ የሄድሽበትን ሁሉ ያቅናልሽ።

ሰሌዳው እንዳለ ነው። ኢንሳፍ ለጽዳት ሠራተኛዋ እንዳትነካው ነግራታለች። ከመጨረሻው ቃል፣ «ስሟ» ከሚለው ቀጥሎ፣ ስምሽ የሚይዘውን ያህል ቦታ ትቻለሁ።

እናትሽ ዘኪያ