ገመዱ ተበጠሰ፤ የአቶ ዘውዴ ወልደ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

ይህን የጻፈው የእህታቸው ልጅ ጥሩነህ ስለሆነ ውሸት አይጠፋውም የምትሉ ትኖራላችሁ። ዑራኤል ምስክሩ ነው፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው።

አቶ ዘውዴ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሚካኤል ጎበናና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጂቱ በላቸው በ1912 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ፈረንሳይኛም ጀማምረው ነበር፤ የመምህሩን አነጋገር እየቀዱ ክፍሉን ስላሳቁ ግን ተባረሩ።

በ1935 ዓ.ም. ባቡር ጣቢያው አጠገብ በነበረ ሲኒማ ቤት ተቀጠሩ። ሥራቸው ድምፅ የሌለውን ፊልም ከመጋረጃው ጎን ቆመው በአማርኛ መተረክ ነበር። ከሁሉ የሚወደደው በአሜሪካ ጠረፍ ባቡር ይዘርፍ የነበረ የአንድ ሽፍታ ታሪክ ነው። ታዲያ ሽፍታው ተይዞ ወደ መስቀያው ሲወሰድ ፊልሙ ቀጥ ይላል፤ የመጨረሻው ጥቅል ማሽኑ ላይ ተቃጥሏል። አቶ ዘውዴ ምን ቸገራቸው። ባዶውን መጋረጃ እያሳዩ፣ ገመዱ ተበጥሶ ሽፍታው በፈረሱ ወንዙን እንደተሻገረ አሥራ ሁለት ዓመት ተረኩ። የባቡር ሠራተኛው ሁሉ የሚዘረፈው ባቡር መሆኑን ረስቶ ያጨበጭብ ነበር። ወይዘሮ ያለምወርቅም ለሽፍታው ሦስት ጊዜ አልቅሰው፣ በ1940 ዓ.ም. ተራኪውን አገቡ። ስመኝንና ታዴዎስንም ወለዱ።

በደርግ ጊዜ ሁለት ዓመት ታስረው፣ እዚያም ያንኑ ፊልም ያለ ፊልም ተረኩ። ከዚያ በጅቡቲ በኩል በ1981 ዓ.ም. ቶሮንቶ ገብተው ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈር ኖሩ።

እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሙ መጪውን ሰመር እንደማያዩ ተናግሮ፣ ድምፅ እንዳያወጡም ከለከላቸው። በፌብሩዋሪ የልጅ ልጃቸው ሩቲ ኤሌቬተር ውስጥ የተለጠፈ የፊልም ማስታወቂያ ፍላየር አሳየቻቸው፤ ሽፍታቸውን በባርኔጣው ለዩት። ፊልሙ፣ ያውም ሙሉው፣ በሕንፃው አዳራሽ ሊታይ ነው።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ መጨረሻውን አዩት። ገመዱ አንገቱ ላይ ጠለቀ፤ ሊሰቅሉት ነው። አቶ ዘውዴ ተነሥተው መጋረጃው ጎን ቆሙና በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው መተረክ ጀመሩ። የአዳራሹ ኃላፊ መጥታ ዝም እንዲሉ ለመነቻቸው፤ ሩቲ አስተረጎመች።

«ዝም ያለው ፊልሙ ነው ልጄ፤ እኔ ምን በወጣኝ» አሏት። ወዲያው ወደ ሕዝቡ ዞረው «ገመዱ ተበጠሰ» አሉ።

መጋረጃው ላይ ሰውየው ተንጠልጥሏል። የእኛ ሽማግሌዎች ግን አጨበጨቡ፤ ፈረንጆቹም ተከተሏቸው።

አቶ ዘውዴ አያዩም የተባሉትን ሰመር አይተው፣ ሁለተኛውንም አጋምሰው፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1998 በ78 ዓመታቸው በሰላም አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው አሉላቸው። አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም ጎን ያስቀምጥልን፤ እዚያም ሰሚ አይጡ።

ዑራኤል የተጠራበት ወረቀት ነውና አንድ ነገር ይታረም። «በሰላም አረፉ» የሚለውን እኔው ጥሩነህ ከራሴ ነው የጨመርኩት፤ ሁሉም እንዲህ ይጽፋል ብዬ። የሆስፒታሉ ነርስ ዝም ይበሉ እያለች ስትለምናቸው፣ የሽፍታው ፈረስ የት እንደቆመ እየነገሯት ነው የሄዱት።