ያልሰረዝኳት መስመር

አስኩዬ፣ የኔ ዓለም፤

ከተለየሽኝ ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። የምነግርሽን ነገር ለራሴም መናገር አቅቶኝ ነው። አሁንም አልቻልኩም፤ ግን ዛሬ ጠዋት የሠራሁትን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ። ሙት ከማን ይሰማል ብለሽ እንዳትስቂብኝ፤ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ውሃ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል። ጓሮ የተከልሻትን አፕል ኅዳር ላይ ውርጭ መታት፤ ቅጠሏ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ረገፈ። ሳሎን ያለው ነጭ ሰሌዳ ላይ የጻፍሽው ሁሉ እንዳለ ነው፣ ከዳር ካለችው አንዲት ቀመር በስተቀር። እሷን ለለቅሶ የመጡ ሴትዮ ተደግፈው በነጠላቸው ጠረጉብኝ። እኔም በሐዘን ቤት መሐል ጮህኩባቸው፤ ሰው ሁሉ አበደ ብሎ ያዘኝ። የምተኛው በሥራ ክፍላችን ሶፋ ላይ ነው። መኝታ ቤታችን አይሞቅም። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለብቻ አይችሉትም።

ሰው አሁንም ምን ነበር የምትመራመረው ይለኛል። እኔም ጎረቤላ እናንተ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ ጉሙ ግቢውን ሞልቶት፣ ለአባትሽ ለመሪጌታ ያስረዳሻቸውን እደግማለሁ። ኩቢት የሚባለው የኳንተም ኮምፒዩተር ቅንጣት በጣም ስስ ነው፤ ትንሽ ሙቀት ከነካው የያዘውን ይረሳል፤ ስለዚህ አንዱን ቃል ለአንድ ተማሪ ብቻ አናስይዝም፣ ለብዙ ተማሪ እናካፍለዋለን፣ አንዱ ቢስት ሌሎቹ ያርሙታል አልሻቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩት መሪጌታ ታዲያ ይሄ የኛ ቤት ትምህርት አይደለም ወይ ብለው ሳቁ። አንቺ የፈለግሽው የተማሪውን ቁጥር መቀነስ ነበር፤ በግማሽ ኩቢት ያንኑ ያህል እርማት። ኩቢቶቹ እንዴት ይደርደሩ፣ አራሚው ቺፕ የት ይቀመጥ እያልሽ ስድስት ዓመት ለፋሽ። ያን ማሽን በዓይንሽ ሳታዪው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ስሌቱን ከመጀመሪያው እየጀመርሽ።

ማሽኑን አስመስሎ ዘዴሽን የሚሞክረውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሒሳቡ ያንቺ፣ ኮዱ የኔ፤ ውላችን እንዲያ ነበር። ስፈትሸው ቶሎ እንዲሮጥልኝ ብዬ አንዲት መስመር አስገባሁ፤ የኩቢቶቹን ስህተት የሚፈልገው ክፍል ራሱ አይሳሳትም የምትል። በእውነተኛው ማሽን ፈላጊውም ይሳሳታል፤ የሥራሽ ጭንቅ ሁሉ እሱ ነበር። ለሁለት ቀን ብቻ ናት ብዬሽ ነው ያስገባኋት። ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ፈተና መጣ፣ የተማሪ ውጤት አስገቡ ተባልን፣ መስመሯም እዚያው ቀረች።

አንቺ ደግሞ ጠይቀሽኛል። የጥምቀት ማግስት ነበር። ውጤቱ ከጠበቅነው በላይ አምሮ ሲወጣ እኔ ዘለልኩ፣ አንቺ ቅንድብሽን ሰበሰብሽ። ያቺን መስመር አጥፍተሃታል ወይ አልሽኝ። አዎ አልኩሽ፣ ሳላይ። ይባስ ብዬ ተቆጣሁ፤ እንደ ጀማሪ ተማሪ አታርሚኝ አልኩሽ። እውነቱን ልንገርሽ አስኩ፣ ቀናሁብሽ። ሰው ሁሉ የአስካለ ባል ነው የሚለኝ በነበረበት ሰሞን፣ የኔ የምለው ያ ኮድ ብቻ ነበር። ሁለት ቀን አኮረፍኩ። አንቺም ዳግመኛ አላነሳሽውም። አምናኝ ነው ስል ይገድለኛል። ለሰላም ብላ ነው ስል ደግሞ ይብሳል።

ለመጽሔት የላክነው ጽሑፍ ተቀባይነት አገኘ የሚለውን መልእክት ያነበብኩልሽ ሆስፒታል አልጋሽ አጠገብ ቆሜ ነው። መሳቅ አቅቶሽ ስለነበር እጄን ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አደረግሽው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሄድሽ። እኔም ደስ ብሏት ነው የሄደችው እያልኩ ስንት ወር ተጽናናሁበት።

መሠረትን ታስታውሻታለሽ፣ የደነባዋን፣ የዶክትሬት ተማሪሽን። ካንቺ በኋላ እኔ ተረከብኳት። ምርምሯን ሁሉ ያንቺ ውጤት ላይ ስለሠራችው፣ በራሷ ፕሮግራም ልትደግመው አምስት ወር ታገለች። ቁጥሩ እምቢ አላት። በየዓርቡ እየመጣች ጥፋቴ የቱ ጋ ነው ትለኛለች። አንድ ዓርብ ላሳያት ብዬ የኔን ኮድ ከፈትኩት። መስመሯ እዚያው ተቀምጣለች። መሠረትን ሰኞ ተመለሺ ብዬ ሸኘኋትና መስመሯን ሰርዤ አስሮጥኩት። ግማሽ ያልነው ግማሽ አይደለም፤ ከድሮው ዘዴ የሚሻልበት ምንም ነገር የለውም።

ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ኮምፒዩተሩን ዘጋሁት። ሰኞ ስትመጣ በርቺ፣ እንደገና ፈትሺ አልኳት። አራት ዓርብ እንዲህ አልኳት፣ ጥፋቱ የሷ መስሏት እየከሳች።

ሲጨንቀኝ ጎረቤላ ወረድኩ። አባትሽ ያንን አትሜ የሰጠኋቸውን ጽሑፍ ከዳዊታቸው ጋር በአንድ ማኅደር ከትተው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። እንግሊዝኛውን አያነቡትም፤ ስምሽ ያለበትን ቦታ ግን በጣታቸው ያውቁታል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣ ጸሐፊ መስመር ዘሎ ከሆነ ያገኘው ሰው በኅዳጉ ይጽፈዋል፣ አይቶ እንዳላየ ያለፈ ግን ከጸሐፊው ይልቅ እሱ ነው የሚጠየቀው አሉኝ። እፎይ ልል ስል ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጄ፣ ሙት ዓመቷ ይለፍላት። ዝክሯን ስሟ ሳይነካ ላውጣላት፣ ከዚያ ወዲያ የፈለግኸውን አድርግ» አሉ። ተማሪ አንዲት ቃል ቢስት መቋሚያቸውን በመሬት የሚመቱት ሰው ለመኑኝ። እሺ ብያቸው ወጣሁ። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ መኪናው ውስጥ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ሳይጠይቁኝ ውሃ ሰጡኝ።

እሺ ያልኩትን ግን አልጠበቅሁም። ባለፈው ወር መሠረት የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ይዛ መጣች። እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም፣ ደነባ ተመልሼ አስተምራለሁ ብላ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ያኔ አፌ ተከፈተ። ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ አስካለ ታውቅ ነበር ወይ ብቻ አለችኝ። አታውቅም አልኳት። ቁልፉን መልሳ ይዛ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው፣ ሥራዋን ግን ይዛለች።

ለመጽሔቱ ጻፍኩ። ስህተቱ የኔ ብቻ እንደሆነ፣ አንቺ እንደጠየቅሽኝ፣ እኔም እንደዋሸሁሽ፣ ሦስት ገጽ። እነሱም ቅጽ ላኩልኝ። ከሦስቱ ገጽ ያስቀሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጽሑፉ ስህተት ስላለበት በሁለቱም ጸሐፊዎች ስም ከመጽሔቱ ተነሥቷል የሚል። ስለ ጥያቄሽ አንድ ቃል የለበትም። እያንዳንዱ ጸሐፊ ይፈርማል፤ በሕይወት ለሌለ ጸሐፊ የቅርብ ዘመድ ይፈርምለታል ይላል።

የኔን ቶሎ ፈረምኩ። ካንቺ ስም ፊት ለፊት ያለውን ቦታ እያየሁ ግን ሻዬ ቀዘቀዘ፣ ክፍሉን ተማሪ ሞላውና ወጣ። ያልተሳሳትሽውን ተሳስቻለሁ ብለሽ እንድትፈርሚ እኔ፣ ያሳሳትኩሽ ሰው፣ እጅ ሆንኩሽ። ፈረምኩልሽ አስኩዬ። ዛሬ ጠዋት ላክሁት።

ለአባትሽ ገና አልደወልኩላቸውም። ስልኩን አነሳና ምን ብዬ እንደምጀምር ይጠፋኛል። ሙት ዓመትሽን እንኳ መጠበቅ ያልቻለ አማች ምን ይባላል? የሞትሽው አንድ ጊዜ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በገዛ እጄ የቀበርኩሽ ያህል ነው የተሰማኝ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ይቅር የምትዪበት አንደበት የለሽም፤ ዝምታሽን እንደ ምሕረት ቆጥሬ ልጽናናበት ደግሞ አልፈልግም። አንድ ቃል ብቻ እገባልሻለሁ። መጽሔቱ ባይጽፈውም እኔ አልረሳውም። በማስተምርበት ክፍል ሁሉ፣ ስምሽ በተነሣበት ስብሰባ ሁሉ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ በሙት ዓመትሽ ዕለት አባትሽና አገሩ በተሰበሰበበት ቆሜ እናገራለሁ። ጠይቃኝ ነበር። አዎ ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ።